አሥር ምልልስ

«ኑልኝ! ኧረ ኑልኝ! ሰውየው ተለክፏል!»

እማማ ሩቂያ ይህን ሲጮኹ፣ የልጃቸው ባል ላሊ ጓዳ ውስጥ ምንጣፍ ላይ በአንድ እጁና በአንድ ጉልበቱ ብቻ ተደግፎ፣ ግራ ክንዱን ወደ ፊት፣ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ ነበር። እስከ አሥር መቁጠር ነበረበት። የተደረሰበት ስድስት ላይ ነው። ቆጠራው እንዳይጠፋበት ብሎ መልስ ሳይሰጥ ቀረ፤ ዝምታው ደግሞ ነገሩን አባሰው።

«አይመልስም! አፉንም ይዞታል!»

ማቶንዶኒ ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ናት፤ አንድ ሰው ቢያስነጥስ ከዳር እስከ ዳር «የርሐሙከላህ» ይባልለታል። ላሊ አሥር ብሎ እግሩን ሲያወርድ፣ በሩ ላይ አራት ሴቶች፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ የያዘ አንድ ዓሣ አጥማጅና የቁርኣን አስተማሪው ኡስታዝ ሻሊ ቆመዋል። ውሃው ማንም ሳያዝ ተደፋበት።

«እኔ እኮ ስፖርት እየሠራሁ ነው!» አለ ላሊ ጢሙን እየጠረገ።

«እንደ ውሻ እግር አንስቶ የምን ስፖርት?» አሉ እማማ ሩቂያ።

«ሐኪሟ ናት ያዘዘችኝ። ለወገቤ ነው።»

«ሐኪም ክኒን ይሰጣል እንጂ ሰው ያሳብዳል እንዴ?»

ኡስታዝ ሻሊ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ስትጀምር ቢስሚላህ ትላለህ?»

«እላለሁ።»

«እንግዲያ ጂን አይደለም» ብሎ ጫማውን አጥልቆ ሄደ። ሴቶቹ ግን አልሄዱም። አንደኛዋ «እስቲ ድገመው» አለች።

የላሊ ሚስት ዘይቱና ከጉድጓዱ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ደጁ በሰው ተሞልቷል። ነገሩን ስትሰማ ጄሪካኑን አስቀምጣ እናቷን አየቻቸው። «ሦስት ወር የደበቅነውን በአንድ ጩኸት ጨረሽው አይደል እማዬ?»

የደበቁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ላሊ «በረካ» በምትባለው የመንደራችን የእሽቅድድም ጀልባ ላይ አሥራ አራት ዓመት ጆንያ አመላላሽ ነበር። ባለ ሸራ ጀልባ ነፋስ ገፍቶ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብላት በሌላው ጎን ክብደት ካላገኘች ትገለበጣለች። ስለዚህ አመላላሾቹ አርባ አምስት አርባ አምስት ኪሎ አሸዋ የያዙ ጆንያዎቻቸውን ታቅፈው ይቀመጣሉ፤ ጀልባዋ በታጠፈች ቁጥር ተሸክመው ወደ ማዶው ጎን ይሻገራሉ። መሪ የያዘው ሰው ስሙ ይጠራል፣ ሸራ የያዘው ይዘፈንለታል፤ አመላላሽን ግን ጀልባዋ ካልተገለበጠች የሚያስታውሰው የለም። ላሊ ይህን ሥራ ከሚስቱ ቀጥሎ ይወደው ነበር። ዘይቱና «ቀጥሎ አይደለም፣ ቀድሞ ነው» ትላለች።

ከሁለት ዓመት በፊት በመውሊድ ውድድር፣ አራተኛው መታጠፊያ ላይ ወገቡ «ተው» አለው። አልተወም። ሰባተኛው ላይ ጆንያውን እንዳቀፈ ተደፋ። በረካ በዚያ ቀን ሁለተኛ ወጣች፤ ላሊ ግን ውድድሩን የጨረሰው ሳንቃው ላይ ተኝቶ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያልሞከረው የለም። ዋግምት ታገመ። በኮኮናት ዘይት የሚያሹ ሽማግሌ ከፓቴ ደሴት ድረስ መጥተው አሹት፤ ሲጨርሱ የራሳቸውን ወገብ ይዘው ሄዱ። ክኒን ዋጠ፣ ቀበቶ ታጠቀ፣ ሰው ሁሉ «ተኛ» ስላለው ሰባት ወር ተኛ። ሰላት ላይ ለሱጁድ በግንባሩ ከተደፋ የሚያነሳው ሰው ስለሚያስፈልገው፣ በአርባ አንድ ዓመቱ መስጊድ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወንበር ላይ ተቀመጠ።

አባቱ የሞቱት በዚያው ጊዜ ነው። ወንዶቹ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ሲሸከሙ ላሊ በዱላ እየተደገፈ ከኋላ ተከተለ። አንድ ዘመድ የራሱን ትከሻ ከቃሬዛው ሥር ገለል አድርጎ «ና፣ ለአንድ እርምጃ ብቻ» አለው። ላሊ ራሱን ነቀነቀ። እስከ መቃብሩ ድረስ የተሸካሚዎቹን ተረከዝ እያየ ሄደ። ስለዚያ ቀን ለዘይቱና እንኳን አውርቶ አያውቅም። እሷም አልጠየቀችውም።

ንዱኩ የምትባለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወደ ከተማው ሆስፒታል የመጣችው ባለፈው ዓመት ነው። የደጋ ልጅ ናት፤ ባሕር ትፈራለች፣ ጀልባ ላይ ስትሳፈር ዓይኗን ትጨፍናለች። ላሊን አገላብጣ ካየችው በኋላ «ጋሽ ላሊ፣ የተሰበረ ነገር የለህም። ፈርተህ ነው የደረቅከው» አለችው። ያን ቀን ሊጣላት ምንም አልቀረው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ተመለሰ። እሷ «ተነሳ» የምትል የመጀመሪያዋ ሰው ነበረች። አምስት ሊትር ውሃ በጄሪካን አስነሳችው፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሃያ። በየጠዋቱ ባሕሩ ውስጥ እስከቆሙት የማንግሮቭ ዛፎች ዳር ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በሩን ዘግቶ እግርና እጁን ያነሳል። አሁን ሃያ ሃያ ሊትር የሚይዙ ሁለት ጄሪካኖች አንድ ላይ አስሮ ያነሳል። አንድ ዓርብ ከሱጁድ ለብቻው ሲነሳ አጠገቡ ያሉት ሽማግሌዎች መጀመሪያ ባዶውን ወንበር አዩ፣ ቀጥለው እሱን አዩ፣ ሰላት ላይ ስለሆኑ ዝም አሉ።

የእማማ ሩቂያ ጩኸት በተሰማበት ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ የበረካ አለቃ ፋማው ወደ ላሊ ቤት መጡ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በሩን በእጃቸው ዳብሰው ገቡ።

«እግር ማንሳት ጀምረሃል አሉ» አሉ ሲቀመጡ።

«አለቃ፣ እርስዎም?»

«እኔማ ደስ ብሎኝ ነው። ስንት ታነሳለህ?»

«አርባ ሊትር።»

አለቃ ፋማው ጠጋ አሉት። «ዓይኔ ሩቅ ማየት ትቷል። አምና መታጠፊያውን ያወቅሁት በሌሎቹ ጀልባዎች ጩኸት ነው። እንዳትናገር።»

«ሰው ሁሉ ያውቃል እኮ።»

«ያውቃል?» ሳቁ፤ ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «የዘንድሮው ውድድር የመጨረሻዬ ነው። ከውድድሩ በኋላ መሪውን ለእህቴ ልጅ እሰጣለሁ። እሱ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለውን ሁሉ ‹አባባ› እያለ ነው የሚጠራው። አርባ ሦስት ዓመት የሞላው አመላላሽ ብዬ ብነግረው ዱላ ልግዛለት ይለኛል። አንድ ክፍት ቦታ አለኝ፤ አመላላሹ ኦማሪ ወደ ሞምባሳ ለሥራ ሄደ። ሐሙስ ምልልስ አለ። ካለፍክ ቦታው ያንተ ነው።»

«ካላለፍኩስ?»

«ካላለፍክ እኔ የምሰጥህ ሌላ ውድድር የለኝም፣ ላሊ።»

ምልልስ ማለት ይህ ነው፦ ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ስታርፍ፣ አመላላሹ ጆንያውን ተሸክሞ ከጎን ወደ ጎን አሥር ጊዜ ይሻገራል። ከመሃል ያስቀመጠ አይሳፈርም። ጆንያውን የሚሞላውም የሚሰፋውም ተሸካሚው ራሱ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ አይነካውም። በሌላ ሰው አሸዋ ውድድር የገባ የለም።

ላሊ ማክሰኞ ወደ ከተማ ሄደ። ንዱኩ ስታጎነብሰው፣ ስታዞረው ቆይታ ወንበሯን ሳበች።

«ስድስት ሳምንት ብትጨምርልኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ነፋሱ አይጠብቅማ፣ ዶክተር።»

«አልከለክልህም። ወገብህ ይችላል። ግን አንድ ነገር ስማ። የሚሸከመው እግርህ ነው። እግርህ ሲደክም ሥራውን ለወገብህ ያስረክባል። ሲያስረክብ ታውቀዋለህ፤ ያምሃል ማለት አይደለም፣ ታውቀዋለህ። ያኔ አስቀምጥ። አንድም እርምጃ አትጨምር።»

«አንድም?»

«ያን ጊዜ ስንት ነበር የጨመርከው?»

ላሊ በጣቱ ሊቆጥር ጀመረና ተወው።

ቤት ሲመለስ ዘይቱና ስለ ሐኪሟ አልጠየቀችውም። «ለአንድ ጠዋት ውድድር ሁለት ዓመት ልትተኛ ነው?» አለችው።

«አልተኛም።»

«ያኔም እንዲህ ነው ያልከው። ተኝተህ ሳለህ ሽርጥህን ያስታጠቅሁህ እኔ ነኝ።»

ከሳጥኑ ውስጥ ግን የጆንያ መስፊያ መርፌውን ፈልጋ አጠገቡ አኖረችው።

ረቡዕ ከሰዓት አሸዋውን ሞላ። ዓሣ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አንጠልጥሎ አርባ አምስት መሆኑን አየ፣ አፉን እንደ ልማዱ አገዳድሞ ሰፋ፣ ከበረካ ሥር አኖረው። ወደ ቤቱ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየው። ልጅ ሆኖ ለኢድ የተገዛለትን ልብስ እንዲህ ነበር የሚያየው።

ሐሙስ ጠዋት የጀልባዋ ሰዎች ሁሉ ተሰበሰቡ። እማማ ሩቂያም በጀልባ ሠሪዎቹ ዳስ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የዘንባባ ምንጣፋቸውን ይሰፋሉ። «የመጣሁት ለነፋሱ ነው» ብለዋል፤ ነፋስ ግን በደጃቸውም አለ።

ላሊ ጀልባዋ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ጆንያውን ወደ ደረቱ አስጠጋ፣ ትንፋሹን አወጣ፣ ተነሳ። በጣም ቶሎ ተነሳ።

ሦስት ወር በሊትር እየለካ የኖረ ሰው ክብደት አይስትም። ይህ ሃያ ኪሎ ቢሆን ነው።

«አንድ!» ብለው ጮኹ ሰዎቹ። ተሻገረ።

«ሁለት! ጀግና!» ከልክ በላይ ጮኹ። ከላሊ ጋር ጎን ለጎን አሥር ዓመት ጆንያ ያመላለሰው ባዲ፣ አፉ እየጮኸ ዓይኑ ወደ ባሕሩ ነው። ላሊ የጆንያውን አፍ አየ። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። የእሱ አይደለም።

«ሦስት!»

አስቀመጠው። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ሞተ። ላሊ ቢላዋውን ከሽርጡ አውጥቶ ስፌቱን ቀደደው፤ ከላይ ጥቂት አካፋ አሸዋ፣ ከሥሩ የደረቀ የኮኮናት ቅርፊት ተዘረገፈ።

«ማነው?» አለ።

ባዲ መሬት መሬት አየ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት። ግን...»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አሉ አለቃ ፋማው።

«ለምን?»

«አብረኸኝ እንድትሄድ። ሌላ ምን አለኝ?»

«ባሕር ላይስ? ጀልባዋ በኮኮናት ቅርፊት ነው የምትቆመው?»

«ያንተንም የራሱንም ባዲ ይሸከም ነበር። ጠንካራ ነው፣ ይችላል።»

«እኔስ ምን እሠራ ነበር?»

«ውሃ ትቀዳ ነበር» አሉ አለቃ ፋማው። «በጣሳ። ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ውሃ ይገባል።»

ላሊ የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ ቃኘ። ክፋት አላየም። እሱን የከበደው ይኸው ነው፤ ቢቀልዱበት ኖሮ ይሳደብ ነበር። አባቱ በተቀበሩ ቀን ትከሻውን ገለል ያደረገለት ዘመድ ፊትም እንዲሁ ነበር።

ቅርፊቱን አራግፎ ባዶውን ጆንያ ይዞ ወረደ። ከውሃው ዳር ተንበርክኮ በአካፋ ይሞላ ጀመር። ባዲ ሊያግዘው ሲነሳ አለቃ ፋማው ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። ሚዛኑ ላይ ሲሰቀል አርባ አምስት ከግማሽ ሆነ።

«ግማሹን ልቀንሰው?» አለ ባዲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ተወው። የምሰፋበትን መርፌ ብቻ አቀብለኝ።»

አገዳድሞ ሰፋው፤ ክሩን በቢላዋው ቆርጦ ቢላዋውን አሸዋው ላይ ጣለ። ተሸክሞ ወደ ጀልባዋ ወጣ። በዚህ ጊዜ የጮኸ የለም፤ ባዲ ብቻ እንደ ጸሎት ቀስ ብሎ ቆጠረ።

አንድ። ሁለት። እግሩ ጥሩ ነበር። ሳንቃው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጉጥ ባዶ እግሩ አስታወሰው። ሦስት። አራት። በአራተኛው ላይ ጆሮውን ወደ ወገቡ ጣለ፤ ወገቡ ምንም አላለም። ላሊ ሊስቅ ምንም አልቀረው። አምስት። በዚህ ጊዜ ሰዎቹ ማመን ጀመሩ፤ አንዱ አጨበጨበ። ስድስት ላይ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሰባት ላይ ቀኝ ጭኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሰዎቹም አብረው ይጮኹ ጀመር፦ «አይዞህ ላሊ! አይዞህ! ሦስት ቀረች!»

ስምንተኛውን ተሻገረ። ሲዞርም አወቀው። አላመመውም። ግን እግሩ ሸክሙን ለቀቀ፣ ወገቡም እንደ ድሮው ታዛዥ ሎሌ ምንም ሳይል ተቀበለው።

«ሁለት! ሁለት ብቻ!»

ሁለቱን ያውቃቸዋል። ጥርሱን ቢነክስ፣ ትንፋሹን ቢይዝ ይጨርሳቸዋል፤ እንዴት እንደሚጨርሳቸው ሰውነቱ አልረሳም። አሥር ከተባለ ትከሻቸው ላይ ያወጡታል። ዓርብ ሳይሆን በሚቀጥለው ዓርብ፣ በውድድሩ ቀን፣ በረካ ላይ ነው፤ ከአለቃ ፋማው ጋር፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ለዚህ ነበር ሦስት ወር በሩን የዘጋው።

ጉልበቱን አጠፈ። ጀርባውን አቀና። ጆንያውን ቀስ አድርጎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ሳንቃው ላይ አስቀመጠው።

«አንሳው እንጂ!» አለ ባዲ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ምን ሆንክ? አንሳው!»

አለቃ ፋማው በጀልባዋ ጠርዝ እየተደገፉ መጡ። ፊቱን ለማየት በጣም ቀርበው ቆሙ።

«አመመህ?»

«አላመመኝም።»

«ሳያምህ ነው ያስቀመጥከው?»

«ሳያመኝ ነው።»

አለቃ ፋማው ትንፋሻቸውን ሳቡ። ከዚያ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ አሥር ብዬ ልቆጥረው እችላለሁ። ዓይኔን ሰው ሁሉ ያውቃል ብለኸኛል።»

«መታጠፊያው ላይ ማን ይቆጥርልኛል፣ አለቃ?»

ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። እጃቸው ብዙ ቆየ። እጃቸውን ካነሱ በኋላ ወደ ሰዎቹ ዞሩና «የእህቴን ልጅ ጥሩት» አሉ። «ሌላ ጎረምሳ ካለው ይዞ ይምጣ። ባሕሩ ሳይመለስ እንጨርስ።»

ላሊ ከጀልባዋ ሲወርድ ማንም አላገዘውም፤ አያስፈልገውምም ነበር። ጎንበስ ብሎ ቢላዋውን ከአሸዋው አነሳ፣ ቀና አለ። ሁለት ዓመት ሲፈራው የኖረውን ጎንበስ ቀና አሁን ሳያስበው አደረገው። የሚሄድበት ስላልነበረው በዳሱ ጥላ ሥር ሄዶ ከአማቱ አጠገብ ተቀመጠ።

እማማ ሩቂያ ከስፌታቸው ቀና አላሉም። ከጀርባቸው የሰዎቹ ድምፅ እንደገና ከፍ አለ፤ አንድ ወጣት እየሳቀ ወደ ጀልባዋ ሲዘል ሳንቃው ጮኸ።

«ወገብህ ተነሳብህ?» አሉት።

«አልተነሳብኝም፣ እማማ። ወገቤ ደህና ነው።»

እማማ ሩቂያ አንዱን የዘንባባ ክር ሳቡ፣ በጥርሳቸው ቆረጡና ጫፉን እንትፍ አሉ።

«እንግዲያ ይሄ እንባ የየትኛው አካልህ ነው?»